ዶቤራይነርና መብራቱ

ዮሐን ዶቤራይነር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1780 ዓመት በጀርመን አገር፥ በሆፍ ከተማ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ሠረገላ ነጂ ነበረና ልጁን በብዙ ገንዘብ ሊያስተምረው አልቻለም። ስለዚህ ልጁ በ14 ዓመቱ ወደ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ገብቶ ሙያ ይማር ጀመር። ከዚያም በየከተማው እየሠራ መጻሕፍትን በማንበብ ዕውቀቱን አሰፋ።

በኋላ የራሱን ሥራ ቢያቋቁምም ንግዱ አልቀናውም፤ ሚስትና ልጆች ሳሉት ለችግር ተዳረገ። ነገር ግን ትምህርቱን አልተወም። በ1810 መስፍኑ ካርል አውግስት ስለ ዕውቀቱ ሰምቶ በዬና ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር አደረገው። ዝነኛው ባለቅኔ ጎተም ወዳጁ ሆነ።

በ1823 ዶቤራይነር ሃይድሮጅን የሚባለውን ጋዝ፥ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳው በበዛ ፕላቲን ላይ አየር ባለበት ቢያነፍሰው፥ ፕላቲኑ ጋለ፤ ጋዙም ማንም እሳት ሳያቀርብለት ነደደ። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ፕላቲኑ ሥራውን ይረዳል እንጂ ራሱ ተቃጥሎ አያልቅም። በ1835 የስዊድኑ ሊቅ በርሴሊየስ ይህን ኃይል ካታሊስስ ብሎ ሰየመው፤ የሚረዳውም ነገር ካታሊስት ይባላል።

ዶቤራይነር በዚህ ዕውቀት መብራት ሠራ። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ዚንክ የሚባለውን ብረት አሲድ ሲነካው ሃይድሮጅን ይወጣል። መዝጊያው ሲዘጋ የተጠራቀመው ጋዝ አሲዱን ገፍቶ ከዚንኩ ያርቀዋል፤ ሥራውም ይቆማል፤ ጋዙም እስኪፈለግ ድረስ ተከማችቶ ይቆያል። መዝጊያው ሲከፈት ግን ጋዙ ወደ ፕላቲኑ ይነፍስና ይነድዳል። በዚያ ዘመን ሰው ባልጩትና ብረት እያጋጨ እሳት ያወጣ ነበርና፥ መብራቱ በብዙ ቦታ ተፈለገ።

ዶቤራይነር ግን ሌሎች እንዳይሠሩት በሕግ አላስከለከለም። ድኽነትን የቀመሰ ሰው ሲሆን፥ ሊበለጽግበት የሚችለውን ሥራ ለሁሉ ተወው። በ1849 በዬና ሞተ።

ሃይድሮጅን ሲነድ ጢስ የለውም፤ የሚሆነውም ውሃ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ዛሬ በነዳጅ ፈንታ ሊያከማቹት ይደክማሉ። ጋዙን ከፈሳሽ ጋር ለማዋሐድና በሚያስፈልግ ጊዜ መልሶ ለማውጣት የሚረዷቸው ካታሊስቶች ናቸው።

ልጆች ሆይ፥ ፕላቲን ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ያነድዳል። ዕውቀትም እንዲሁ ነው፤ ለባልንጀራ ቢሰጡት ከሰጪው አይጐድልም።