ጆሮው የማይሰማ መምህር፦ የኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ አጭር የሕይወት ታሪክ

ይህ የአንድ የትንሽ ከተማ የሒሳብ መምህር የሕይወት ታሪክ ነው። አገሩ ሩሲያ ነው፤ ከሞተም ቆይቷል። ሐሳቡ ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለመጣን ልጆች እምብዛም እንግዳ አልሆነብንም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን። (የውጭ አገሩ ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ በ1857 ኢዤቭስኮዬ በምትባል የሩሲያ መንደር ተወለደ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ስካርሌት የሚባለው የትኩሳት በሽታ ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን መስማት ተሳነው። የሚገርመው፣ ያ ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ያስጎትቱ ከነበረበት ከ1860 ዓ.ም. ጋር ይገጥማል። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ብረት በሰው ጉልበት ጨጨሆን ወጥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። ከባድ ነገር ወደ ላይ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የእኛ አገር ዳገት ያውቀዋል።

ልጁ አስተማሪው የሚለውን መስማት ስላቃተው ትምህርቱን አቋረጠ። በ13 ዓመቱ ደግሞ እናቱ ሞተችበት። 16 ዓመት ሲሆነው አባቱ ወደ ሞስኮ ላከው፤ እዚያም ትምህርት ቤት አልገባም። ሦስት ዓመት ያህል ቤተ መጻሕፍት እየዋለ ሒሳብና ፊዚክስ በራሱ አጠና። ከቤት የሚላክለትን ጥቂት ገንዘብ ለመጽሐፍና ለኬሚካል ያውለውና እሱ በጥቁር ዳቦ ይኖር ነበር። በ1879 የመምህርነት ፈተና አለፈ፤ በ1880 ቦሮቭስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተመደበ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ምደባ ማለት ለእኛ ለእጩ መምህራን ምን እንደሆነ ይታወቃል። ማታ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለንም እኮ! መኪና የማይገባበት ቀበሌ ከደረሰን የእኛ ትምህርት እዚያው ያበቃል ብለን የምንፈራ ብዙ ነን። ታዲያ ይህ ሰው 12 ዓመት በቦሮቭስክ፣ ከ1892 ጀምሮ ደግሞ በካሉጋ አስተማረ። ቀን ክፍል ይገባል፣ ማታ ይጽፋል። ሰው የሚለውን ለመስማት ራሱ ከቆርቆሮ የሠራውን ጥሩንባ መሳይ ነገር ጆሮው ላይ ይደቅናል። ኑሮው ቀላል አልነበረም፤ በ1902 ወንድ ልጁ ራሱን አጠፋ፣ በ1908 የኦካ ወንዝ ሞልቶ ቤቱ ገባና ጽሑፎቹን አበላሸበት። መጻፉን ግን አልተወም።

ምን ነበር የሚጽፈው? በ1895 ባወጣው መጽሐፍ ከመሬት ተነስቶ ሰማይ የሚደርስ ግንብ አሰበ። በስማዳ ቆላ ማሽላ የጠበቀ ልጅ ማማ ያውቃል፤ ይኼኛው ማማ ግን ቁመቱ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ጫፍ ላይ የተለቀቀ ዕቃ አይወድቅም። መሬት ስትዞር ጫፉን ይዛው ስለምትዞር፣ ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይልና ስበቱ እዚያ ላይ ይተካከላሉ። እንዲህ ያለ ግንብ በእውነት ይሠራል ብሎ ግን አልተማመነበትም።

ስለዚህ ወደ ሮኬት ዞረ። በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ የሮኬትን ችግር በሒሳብ አሳየ፦ ሮኬት ነዳጁን ራሱ ይሸከማል፤ ነዳጁን ለማንሳት ደግሞ ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል። ሩቅ ገበያ የምትሄድ አህያ ለራሷ የሚሆን ገለባ ተሸክማ ለእህሉ ቦታ እንደማይተርፋት ማለት ነው።

የማማው ሐሳብም አልሞተም። በ1960 አርትሱታኖቭ የተባለ የሌኒንግራድ መሐንዲስ ግንቡን ገልብጦ ገመድ ከላይ ወደ ታች ማንጠልጠል ይሻላል አለ። በ1977 ደግሞ ሃንስ ሞራቬክ የሚሽከረከር ገመድ በስሌት አቀረበ። ይህ እንግዲህ ወንጭፍ ነው! ዝንጀሮ ስናባርርበት የኖርነው ወንጭፍ። ረጅም ገመድ መሬትን እየዞረ በራሱም ይሽከረከራል። የታችኛው ጫፍ ወደ ኋላ ስለሚወናጨፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ከመሬት የመጣውን ጭነት ይቀበላል። ግማሽ ዙር ዞሮ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጭነቱን ወደ ጨረቃ ይለቀዋል። በጨረቃ ዙሪያ የሚሽከረከር ሌላ ገመድ እዚያ ይቀልበዋል፤ ጨረቃ አየር ስለሌላት የገመዱ ጫፍ መሬቷን ሊነካ ይችላል። ነገሩ በነፃ አይደለም። ገመዱ ለጭነቱ ጉልበት በሰጠ ቁጥር ራሱ ዝቅ ይላል፤ ከጨረቃ የሚመለስ ጭነት ሲቀበል ግን ብድሩ ይከፈለዋል።

ያው ችግሩ ገመዱ ላይ ነው። በ1966 ጀሚኒ 11 የተባለችው መንኮራኩር በ30 ሜትር ገመድ ከሌላ መንኮራኩር ጋር ታስራ ተሽከርክራለች። በ1996 ግን ኮሎምቢያ መንኮራኩር 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን ገመድ እየዘረጋች ሳለ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በኤሌክትሪክ ተቃጥሎ ተበጠሰ። እኛም ባለፈው ሳምንት በግቢው ሜዳ ድንጋይ በሲባጎ አስረን ስናሽከረክር ሲባጎው ተበጥሶ ድንጋዩ አጥር ዘሏል። ዘበኛው ይቅርታ ያድርጉልን።

ፂዮልኮቭስኪ በ1935 በ78 ዓመቱ እዚያው ካሉጋ አረፈ። በተወለደ በ100 ዓመቱ፣ በ1957፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ መጠቀች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሉና 3 ከእኛ ዞሮ ያለውን የጨረቃ ጀርባ ፎቶግራፍ ስታነሳ ወለሉ የጠቆረ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ታየ። ስሙም ፂዮልኮቭስኪ ተባለ። ከነፋስ መውጫ ሆነን ብናንጋጥጥ አይታየንም፤ በዚያኛው በኩል ነው።