የቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወት ባጭሩ



ኮሚቴው ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ነገር እንድንጽፍ ሲጠይቀን ስለ ማን እንጻፍ ብለን ብዙ አላሰብንም። ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ የእድሩን መዝገብ እንይዝ በነበረበት ጊዜ፣ አንዲት እናት መጥተው ድንኳን ይተከልልኝ አሉ። ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጣ የቀረ ነው። ሬሳ የለም፤ ቀብርም አልነበረም። በደንባችን ደግሞ ድንኳንና ገንዘብ የሚሰጠው ቀብር ሲኖር ነው። ኮሚቴው ከቀትር እስከ ማታ ሲከራከር ዋለና ድንኳኑ ተተከለ። እኛ ግን የቀብር ቦታ በሚለው ዓምድ ላይ ምን እንደምንጽፍ ጠፍቶን ባዶውን ተውነው። ያን ጊዜ በሐሳባችን የመጡት ቄስ ጉዲና ናቸው።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በወለጋ ቦጂ ተወለዱ። ወደዚያ አገር ወንጌልን ይዘው የገቡት የሐማሴኑ ሰው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ነበሩ፤ እሳቸውም በፈረንጅ 1905 እዚያው ቦጂ በእሳት አደጋ ሞቱ። ኋላ ሚኒስትር የሆኑት አቶ አማኑኤል አብርሃምም የቦጂ ልጅ ናቸው። ትንሽ አገር ናት፣ ግን ሰው አፍርታለች።

ጉዲና ነቀምቴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩና በስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል ድሬሰርና አስተርጓሚ ሆነው ሠሩ። የዛሬ ልጆች ድሬሰር ሲባል ላያውቁ ይችላሉ። ቁስል የሚያጥብ፣ ፋሻ የሚያስር፣ መርፌ የሚወጋ ማለት ነው። አስተርጓሚነቱ ደሞ ቀላል አይምሰላችሁ። ሐኪሙ ስዊድናዊ፣ በሽተኛው ከኦሮምኛ በቀር የማያውቅ ገበሬ ነው። እግርህ ይቆረጣል፣ ልጅሽ አይተርፍም የሚለውን መርዶ ከሐኪሙ አፍ ተቀብሎ በሰው ቋንቋ የሚናገረው መሐል የቆመው ሰው ነው። ለዕድርተኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ መርዶ ነጋሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ የሥነ መለኮት ትምህርት ተምረው በፈረንጅ 1958፣ በ29 ዓመታቸው ገደማ፣ ቅስና ተቀበሉ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እንደ አንድ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ገና አልቆመችም፤ የተመሠረተችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አዲሱ ቄስና አዲሲቱ ቤተ ክርስቲያን ሥራ የጀመሩት አብረው ነው ማለት ይቻላል።

ምድባቸው ነቀምቴ ሆነ። ከተማዋ እንደምታውቁት የኦነሲሞስ ነሲብ ከተማ ናት። ኦነሲሞስ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በፈረንጅ 1899 ያሳተሙ፣ በ1923 ዓ.ም. እዚሁ ያረፉ ሰው ናቸው። ይሁንና በ1936 ዓ.ም. በወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ ማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ተደርጎ ነበርና፣ ሕዝቡ በአንድ ቋንቋ እያለቀሰ በሌላ ቋንቋ ይማር ነበር። አዲሱ ቄስ ሆስፒታል ውስጥ የጀመሩት ማስተርጎም እንግዲህ አላበቃም ማለት ነው። ከከተማው ሌላ ወደ ገጠር እየወጡም ሰብከዋል። የወለጋን ክረምትና ጭቃ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል።

ስለ ቄስ ጉዲና የሚያወራ ሰው ሁሉ ወደ አሟሟታቸው ይቸኩላል። እኛ ግን እነዚያ አምስት የነቀምቴ ዓመታት የሚበልጥ ይመስለናል። ለምን ቢሉ፣ በፈረንጅ 1963 ለትምህርት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሄደው በ1966 ሲመለሱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱም ያው የቦጂው አቶ አማኑኤል ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ረጂዎች አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ረጂዎቹ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ሰውን ሥጋ ለብቻ፣ ነፍስ ለብቻ አድርጋችሁ አትክፈሉት፣ ሰው አንድ ሙሉ ፍጡር ነው የሚል ነበር። ብዙዎች ይህን ከአሜሪካ የመጣ ትምህርት ያደርጉታል። የኛ ግምት ግን ሌላ ነው፤ ቀድሞ ቁስል ያጠበ፣ ኋላ እጁን ጭኖ የጸለየ ሰው ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

ደርግ ሲመጣ ነገር ተበላሸ። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ስለ ነበሩ ጥርጣሬው በዛ፤ በወለጋም ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። ቄስ ጉዲና ታስረው ተፈቱ። ከአገር እንዲወጡ የውጭ ወዳጆቻቸው መንገድ አዘጋጁላቸው፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ልጆች ነበሯቸው፣ ባለቤት ነበሯቸው። እኛ ብንሆን ምን እናደርግ እንደ ነበር እንጃ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዑራኤል በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርተው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። ወይዘሮ ጸሐይን ከከተማ ውጭ ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲናን በዚያው ሌሊት ገደሏቸው፤ ይህ ግን ለዓመታት አልታወቀም። ወይዘሮ ጸሐይም በ1972 ዓ.ም. ታስረው ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ገደማ ወኅኒ ቆዩ። ሚስት ትሁን መበለት የማታውቅ ሴት አሥር ዓመት ስትታሰር አስቡት። ነጠላ ማዘቅዘቅ እንኳ አልተፈቀደላትም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አስከሬናቸው በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተቆፍሮ ተገኘ። በዚያው በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገኙት እዚያው ነው። የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ አንድ ግቢ አፈር ውስጥ 13 ዓመት አብረው ቆዩ።

ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና በክብር ተቀበሩ። ወይዘሮ ጸሐይ ባላቸውን ለመቅበር ደርሰዋል፤ እሳቸውም በ2007 ዓ.ም. አረፉ። ቀደም ብለን ያነሣናቸው እናት ግን የልጃቸውን አፈር ሳያዩ ነው የሞቱት። ዓምዱ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።