አክሊሉ ለማ እና እንዶድ፦ ጉበትን ከወንዙ ዳር ስለ መጠበቅ

ለጉበት የሚበጁ ዕፅዋት ሲነሡ ተመራማሪዎች አስቀድመው የሚያስታውሱት የቻይናን ባህላዊ ሕክምና ነው። በእርግጥም የቻይና ሊቃውንት ሺሳንድራ ከተባለው ሐረግ ፍሬ ተነሥተው ባይፈንዴት የተሰኘውን የጉበት መድኃኒት እስከ መሥራት ደርሰዋል። የአገራችን ዋነኛ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ የሄደ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ያጠኑት ተክል የተጎዳን ጉበት አይፈውስም፤ ጉበትን የሚጎዳው ጥገኛ ተሕዋስ ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት መንገዱን ይዘጋል። ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ሐርቡና ከሚሴ በሚዘልቅበት ሸለቆ ቢልሃርዝያ ዛሬም ያልጠፋ በሽታ በመሆኑ፣ የእኒህን ሰው ሕይወት መመርመር ለወሎ ተመራማሪ የቅርብ ጉዳይ ነው።

አክሊሉ በ1935 ተወለዱ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ማጥናት ጀመሩ። በ1964 በአድዋ ወንዞች ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተከማችተው አዩ፤ ከፍ ብሎ ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። ወዲያው ሕያዋኑን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የግኝቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤተ ሙከራ ነው። በእኔ ግምት ግን መጀመር ያለበት ከዚህ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ነው፤ ፍሬውን አድርቆና ወቅጦ ከውኃ ጋር የመምታቱን ጥበብ ትውልድ ለትውልድ ያቆዩት ሴቶቹ ናቸውና።

የምልከታውን ክብደት ለመረዳት በሽታው በጉበት ላይ የሚያደርሰውን ማየት ያስፈልጋል። ከቀንድ አውጣው የወጣው እጭ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ካደገ በኋላም በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። ሴቷ ትል ከምትጥላቸው እንቁላሎች ከፊሉ ከዓይነ ምድር ጋር ሲወጣ፣ ከፊሉ በደም ተገፍቶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። ሰውነት በእያንዳንዱ እንቁላል ዙሪያ የመከላከያ ሴሎችን ያሰልፋል፤ ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ያግደዋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ በጉሮሮ ቱቦ ግርጌ የተወጠሩት የደም ሥሮችም ፈንድተው በሽተኛው ደም ሊያስታውክ ይችላል። የጉበቱ ሴሎች ራሳቸው ግን ለረዥም ጊዜ ሥራቸውን አያቋርጡም፤ ስለዚህም ጉዳቱ ዘግይቶ ይታወቃል። ጠባሳው ከጸና በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት የቀደመውን ጉበት ሙሉ በሙሉ መመለስ ያዳግተዋል።

አክሊሉ በ1966 በአዲስ አበባ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን ተለይቶ ሲታወቅ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆኑ ሕፃናት መካከል የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የእንዶዱን ዝርያዎች ከየአካባቢው ሰብስበው በመምረጥና በማልማት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አብረዋቸው ደክመዋል፤ ቁጥር 44 የተባለው ዝርያም ከዚህ ሥራ የተገኘ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመዘግየት ታሪክ ነው። በገበያ የነበረው ቀንድ አውጣ ገዳይ፣ ኒክሎሳማይድ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ ይበቅላል። ይሁንና ዓለም አቀፍ ተቋማት በዘመናዊ መመዘኛ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ፣ ምርመራውም ብዙ ዓመት ፈጀ። ጥያቄው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፦ እንዶድ ዓሣን ይገድላል፣ ለኮሶ ትልና ለማስወረድ የጠጡትን ሰዎችም ጎድቷል። የሚያስቆጨው የጥያቄው መነሣት ሳይሆን ለመልሱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለድሃ አገር ቤተ ሙከራ ሳይሰጥ መቆየቱ ነው። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል መጣ፤ ትኩረቱም ከውኃው ወደ እንክብሉ ዞረ።

አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካገለገሉ በኋላ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የታላላቆቹን ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎች የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል ታየ። ፓተንትም ተከተለ፣ የኢትዮጵያ ድርሻ ምን ይሁን የሚለው ክርክርም እንዲሁ። በ1997 አረፉ፤ የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ፕራዚኳንቴል አዋቂውን ትል ይገድላል፤ ሕፃኑ በማግሥቱ ወደዚያው ውኃ ቢመለስ ግን እንደገና ከመያዝ አያድነውም። ቦርከናም አክሊሉ እንዳዩዋቸው የአድዋ ወንዞች አይደለም፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በገባሮቹ በኩል ይቀላቀለዋል። ሳፖኒኑ እንዲህ ባለ ውኃ ምን ያህል ኃይሉን ይዞ ይቆያል? በመስኖ ቦዮቹ ስንት መጠን ይበቃል፣ ዓሣውስ ምን ይሆናል? እነዚህ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ባለ ተማሪ አቅም ሊሠሩ የሚችሉ የመመረቂያ ርእሶች ናቸው፤ ፍሬው በደጋው አጥር ላይ አለ፣ ቀንድ አውጣውም በቆላው ቦይ።