ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ፦ ከከተማው ቅጥር ውጭ ለድውያን ከተማ የሠራ አባት

የቅዱስ ባስልዮስ ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን አስቀድሞ የሚታወሰን በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀድስባቸው 14 ቅዳሴያት አንዱ ነውና። ሊቃውንቱ ደግሞ ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት የጻፈውን መጽሐፍ ያነሣሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ብዙ ጊዜ በአጭሩ የሚታለፈውን፣ ለተራቡትና ለድውያን የፈጸመውን አገልግሎት ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ በ330 እ.ኤ.አ. ገደማ በቀጰዶቅያ አውራጃ ተወለደ። አያቱ ቅድስት መቅሪና በዘመነ ሰማዕታት ስለ ሃይማኖቷ ወደ ጫካ የተሰደደች እናት ነበረች፤ እኅቱም በዚሁ ስም ትጠራለች። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና ጴጥሮስ ዘሰብስጥያ ወንድሞቹ ናቸው። በቂሣርያ፣ በቁስጥንጥንያና በአቴና ተምሮ በተመለሰ ጊዜ በንግግር ችሎታው ሊታበይ ቃጥቶት እንደ ነበር፣ ከዚያ ሐሳብ የመለሰችውም እኅቱ መቅሪና እንደ ሆነች ወንድሙ ጽፏል። ከዚያም የግብፅን፣ የፍልስጥኤምን፣ የሶርያንና የመስጴጦምያን ገዳማት ጎብኝቶ በጶንጦስ ወንዝ ዳር በምንኩስና ተቀመጠ። ለመነኮሳት በሠራው ሥርዓት ከብሕትውና ይልቅ የአንድነትን ኑሮ መረጠ፤ ለብቻው የሚኖር ሰው ወንድሙን የሚያገለግልበት አጋጣሚ ያጣል ብሎ ያምን ነበርና።

ይህ እምነቱ የተፈተነው በ368 እና በ369 እ.ኤ.አ. በደረሰው ረኃብ ነው። ክረምቱ ያለ በረዶና ያለ ዝናም አለፈ፤ ምድሪቱ ተሰነጠቀች፤ ምንጮች ደረቁ። ይህች ቂሣርያ (በፍልስጥኤም ያለችው ሳትሆን ዛሬ በቱርክ ካይሴሪ የምትባለው ናት) ከባሕር የራቀች ናት። የባሕር ዳር ከተሞች እህል በመርከብ ሲመጣላቸው፣ እርሷ ግን በእንስሳት ጭነት ብቻ ልትረዳ አልቻለችም። ጎተራቸው የሞላ ባለጸጎችና ነጋድያን ደግሞ ዋጋው እስኪንር ድረስ እህሉን ያዙ። በከተማይቱ እህል ሳይጠፋ ሰው በረኃብ ይሞት ነበር።

ቅዱስ ባስልዮስ በዚያ ጊዜ ገና ቄስ ነበር። ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጸጋ በተጻፈው ወንጌል (ሉቃ. 12፥16-21) ላይ ያስተማረው ትምህርት እስከ ዛሬ ይገኛል፤ በፊቱ ተቀምጠው የሚሰሙትን ባለ ጎተራዎች በቀጥታ የሚወቅስ ነው። በትምህርቱ ጎተራዎችን አስከፈተ። ከወላጆቹ የወረሰውንም ሀብት ለድኾች አከፋፈለ። የተራቡትን፣ ወንዱንና ሴቱን፣ ሕፃኑንና ሽማግሌውን በአንድ ቦታ ሰብስቦ የጥራጥሬ ወጥና በጨው የቆየ ሥጋ በትልልቅ ድስት አስቀቀለ፤ ራሱም ታጥቆ እግራቸውን እያጠበ አበላቸው። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን ሲመሰክር አገልጋዮቹም አብረውት ይሠሩ እንደ ነበር፣ በዚያም ቦታ ጌታና ሎሌ እኩል እንደ ነበሩ ይናገራል።

በ370 እ.ኤ.አ. ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በተሾመ ጊዜ ያ የረኃብ ዘመን አገልግሎት ቋሚ ቤት አገኘ። ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ ቤተ ጸሎት፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ያሉበት የሕሙማን ቤት፣ የእጅ ባለሙያዎች መሥሪያ አሠራ። መንገደኛን የሚሸኙ ሰዎችና የጭነት እንስሳትም ነበሩበት። ሰዉ ከቤቱና ከገበያው ያባረራቸው ለምጻሞች በዚያ ተቀበሉ፤ እርሱም ሳይጸየፍ ሳማቸው። ስፍራው በኋላ በስሙ ባስልያድ ተባለ። ጠላቶቹ ግን ሕንፃውን ምክንያት አድርገው በአገረ ገዢው ዘንድ ከሰሱት፤ እርሱም መልሱን በደብዳቤ ጻፈ።

አርዮሳዊው ንጉሥ ቫሌንስ ሊያስፈራራው ሹሙን ሞደስጦስን መላኩ፣ ቅዱሱም ሳይናወጥ መቆሙ የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ አንዘገይም። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በታውሮስ ተራራ ብረት እያወጡ የሚኖሩ ሰዎች የሚከፍሉት ግብር እንዲቀልላቸው የለመነው ያንኑ ሞደስጦስን ነው! በገጠር ኤጲስ ቆጶሳት የሚተዳደሩ የነዳያን ቤቶች ከግብር ነጻ እንዲሆኑ ለሌሎች ሹማምንትም ጽፏል። ንጉሡ ቀጰዶቅያን ለሁለት ከፍሎ የቂሣርያን ሹማምንት ወደ ሌላ ቦታ ባዛወረ ጊዜ የከተማይቱን መራቆት እያመለከተ በቤተ መንግሥት ላሉ ወዳጆቹ ደብዳቤ ልኳል። ከ300 የሚበልጡ ደብዳቤዎች በስሙ ተጠብቀው የሚገኙ ሲሆን ብዙዎቹ ስለ ሌላ ሰው ችግር የተጻፉ ናቸው። ይህን ሁሉ የሠራው ደግሞ ዘመኑን ሙሉ በሕመም እየተሠቃየ ነው።

ወደ 50 ዓመት ሲቃረብ ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያንም ዕረፍቱን ጥር 6 ቀን ታስባለች። ሥጋው ሲሸኝ አደባባዩና የቤቶቹ ፎቅ በሕዝብ ተሞላ፤ ከመጨናነቁ ብዛት ተረግጠው የሞቱም ነበሩ። ከምእመናን ጋር አይሁድና አረማውያን አብረው አለቀሱ።

የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።