ሂፖክራተስና የጥፍር ምስክርነት

አንድ መሐንዲስ በግድግዳ ላይ ስንጥቅ ባየ ጊዜ ሐሳቡ ወዲያው ወደ መሠረቱ ይሄዳል፤ በዓይን የሚታየው ጉዳት ከማይታየው ክፍል ሊመነጭ እንደሚችል ከሙያው ተምሯልና። ይህን የአመለካከት ዘዴ በሰው አካል ላይ ከተጠቀሙበት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራተስ ነው።

ሂፖክራተስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ460 ዓመት ገደማ በኮስ ደሴት ተወለደ። ቤተሰቡ የትውልድ ሐረጉን ግሪኮች የፈውስ አምላክ ይሉት ከነበረው ከአስክሌፒዮስ ይቆጥር ስለ ነበር፣ ሕክምና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ነበረ። እርሱ ግን ክፍያ እየተቀበለ ሌሎችንም ያስተምር እንደ ነበር ፈላስፋው ፕላቶን ጽፎልናል። ልጆቹ ቴሳሎስና ድራኮን፣ አማቹም ፖሊቦስ በዚሁ ሙያ ተከተሉት። በቴሳሊያ አገር በላሪሳ ከተማ በሽምግልና እንደ ሞተ ይነገራል።

በስሙ የሚጠሩት 60 ያህል ድርሳናት በልዩ ልዩ ሐኪሞች እጅ የተጻፉ ናቸው። ዋናው ትምህርታቸው ግን በሽታ ከአማልክት ቁጣ ሳይሆን ከተፈጥሮ ምክንያት የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ሐኪም የበሽተኛውን ፊት፣ ትንፋሽ፣ ላብና ጣት አጥብቆ ይመርምር የሚል ነው።

ከእነዚህም ድርሳናት አንዱ በደረታቸው ውስጥ መግል የቋጠሩ በሽተኞች ጥፍራቸው ወደ ታች እንደሚጎብጥ ያመለክታል። ይህ ምልክት እስከ ዛሬ የሂፖክራተስ ጣት ይባላል። የጣቱ ጫፍ ይወፍራል፤ የጥፍሩ ሥር ይለሰልሳል፤ ጥፍሩና ሥሩ የሚገናኙበት ማዕዘንም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1938 ሎቪቦንድ የተባለ ሐኪም ይህንኑ ማዕዘን ለመለኪያነት አቀረበ፤ በጤነኛ ሰው 160 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ በዚህ ለውጥ ጊዜ ከ180 ዲግሪ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ሻምሮት በራሱ የልብ ሕመም ወቅት ያስተዋለውን አሳተመ፤ የሁለቱ እጆች ተመሳሳይ ጣቶች ጥፍር ለጥፍር ሲገጠሙ በጤነኛ ሰው መካከል የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ ከበሽታው ጋር ትጠፋለች።

ምክንያቱን በሚመለከት ብዙ ድጋፍ ያለው ማብራሪያ የሚከተለው ነው፦ በሳንባ ውስጥ መሰባበር የነበረባቸው ትልልቅ የደም ሕዋሳት ሳይሰባበሩ አልፈው በጣት ጫፍ ቀጫጭን ሥሮች ይቀረቀራሉ፤ ከዚያም ሥጋን የሚያሳድጉ ቅመሞችን ይለቃሉ። ምልክቱ በሳንባ ካንሰር፣ ሥር በሰደደ የሳንባ ቁስል፣ በአንዳንድ የልብ ሕመምና በጉበት በሽታ ይታያል። ሆኖም ከዘር የሚወርስበትም ጤነኛ ሰው ስላለ፣ ጥፍር ምርመራን ይጠራል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ስለዚሁ ትምህርት ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በድርሳናቱ ከተመዘገቡት 42 የበሽተኞች ታሪክ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት በሞት የተፈጸሙ ናቸው። ጸሐፊው ዝናውን ለመጠበቅ ብሎ አልደበቃቸውም፤ የከሸፈውም ሕክምና ለሚቀጥለው ሐኪም እንዲጠቅም በየቀኑ የታየውን ሁሉ ጻፈ።

እኔ በጀማሪነቴ ዘመን በአንድ ሕንፃ ላይ የታየ ስንጥቅ በልስን ሲሸፈን አይቼ ዝም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ስንጥቁ ሰፍቶ ተመለሰ፤ ማስታወሻ ደብተሬ ግን ስለ እርሱ አንዲት ቃል አልነበረበትም። ጥፍርን ያነበበው ሐኪም ከ2,400 ዓመት በኋላ ለእኛ ሙያ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ምልክትን ማየት ግማሽ ሥራ ሲሆን፣ ያዩትን ሳይሸፍኑ መጻፍ ሌላው ግማሽ ነው።