በጅሮንድ ተክለሐዋርያት፦ እርሻ ተምረው ግዛት ያስተዳደሩ ሰው

ዱቦ፦ አስተዳዳሪ ስለ እርሻ ማወቅ አለማወቁ ለአርሶ አደር ትልቅ ጉዳይ ነው። ግብር የሚያስከፍለው፣ መንገድ የሚያስጠርገው፣ የወሰን ክርክር የሚዳኘው እርሱ ነውና። ከመቶ ዓመት በፊት በጨርጨር ደጋ የተሾሙት በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የግብርና ትምህርት ቀስመው ወደ ገዥነት ከመጡ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸው ዛሬም በቦሎሶ ሶሬ ቡናውን ከእንሰቱ ጎን ለሚተክል ገበሬ የሚነግረው ነገር አለው።

ተክለሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ የነበሩት ተክለሐዋርያትም አብረው ተጓዙ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩስያ ተላኩ። በዚያም በሩስያ ቤተሰብ ዘንድ አድገው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ ነው።

በባዕድ አገር ካደጉ በኋላ የወገናቸውን ኑሮ በአዲስ ዓይን አዩት። አገሩ ለም፣ ሕዝቡ ታታሪ ሆኖ ሳለ ገበሬው ድኻ ነበር። ወታደር ሆነው የሠለጠኑት ሰው እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው የግብርና ትምህርት የተከታተሉት ከዚህ በኋላ ነው። ጠመንጃ የተከበረበት፣ ሞፈር የተናቀበት ዘመን ስለነበር ምርጫቸው ያልተለመደ ነበር።

የታዘቡትን ጉድለት በብዕርም ገለጡት። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘው ሥራቸው በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት እንደሆነ ይታመናል። በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር የሚነቅፍ በመሆኑ መኳንንቱን አስቆጣ፤ ታገደም።

ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ተክለሐዋርያት የጅጅጋ ገዥ ሆኑ። የላቀ ስማቸውን የተከሉት ግን በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ በሾሟቸው ጊዜ ነው። ጨርጨር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ፣ ቡና አብቃይ ደጋ ነው። ከግርጌው ባለው ቆላ ደግሞ የጅቡቲ ባቡር ያልፋል።

ግዛቱ ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበርና አዲሱ ገዥ ሥራቸውን በሥርዓት ጀመሩ። የግዛቱን መቀመጫ ከኩኒ አንሥተው፣ አሰበ ተፈሪ ወደተባለችውና ዛሬ ጭሮ ወደምትሰኘው አዲስ ከተማ አዛወሩ። መሬት እንዲለካና ግብሩም በልክ እንዲወሰን አደረጉ። ሹማምንቱ በገባር ጉልበትና በማር፣ በሙክት መተዳደራቸው ቀርቶ በደመወዝ እንዲያገለግሉ ሥርዓት ዘረጉ።

የዚህን ትርጉም ቡና የሚያለማ ሰው ፈጥኖ ይረዳዋል። የቡና ችግኝ ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ይኮተኮታል፣ ጥላ ይበጅለታል፣ ገቢ ግን የለውም። የከርሞውን ዕዳ የማያውቅ፣ ምርቱ ሲደርስ የሹም ሎሌ መጥቶ ምን ያህሉን እንደሚወስድበት ያልተነገረው ገበሬ የዓመት እህል ይዘራ ይሆናል እንጂ ቡና ለመትከል አይደፍርም። ልኩ የታወቀ ግብር ለገበሬው ማዳበሪያ ሆኖለት ነበር ማለት ይቻላል። ተክለሐዋርያት እርሻን ስለተማሩ ይህን ዝምድና አይተውታል።

ሥራቸው እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። መሬት በተለካ ቁጥር ሰፊውን ድርሻ የሚያገኘው ባለሥልጣንና ባለጉልት መሆኑ በዘመኑ የተለመደ ነበር። የጨርጨር አርአያነትም ወደ ቀሪው የአገሪቱ ክፍል በሚገባ አልተሻገረም። በወላይታ፣ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከተሸነፉ በኋላ የተዘረጋው የገባር ሥርዓት ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ኖረ። ገባሩን ከጉልበት ግዴታ በሕግ ያላቀቁት ጣልያን ከተባረረ በኋላ የወጡት የግብር አዋጆች ናቸው። አንድ መልካም ገዥ በአንድ ግዛት የሠራው ሥራ አገር አቀፍ ሕግ ካልሆነ ጎረቤት ግዛት እንኳ እንደማይደርስ ከዚህ እንማራለን።

ተክለሐዋርያት ራሳቸውም ወደ ሕግ ሥራ ተሻገሩ። በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር በሆኑበት ዘመን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ለዚህም የጃፓንን ሕገ መንግሥት በአርአያነት ተመለከቱ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሰነድ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የሚያጠናክር ቢሆንም ሁለት የሕግ ምክር ቤቶች እንዲቋቋሙ መንገድ ከፍቷል።

ቀጥሎም በፓሪስ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ። በ1927 ዓ.ም. ከወልወል ግጭት በኋላ በጄኔቭ፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን አቤቱታ ይዘው ቆሙ። ማኅበሩ ወረራውን ሳይገታ ሲቀር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ መውጣታቸውን ከተቃወሙትና አርበኝነት እንዲቀጥል ከመከሩት መካከልም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በስደት፣ አብዛኛውንም በማዳጋስካር፣ ኖሩ።

ከስደት ሲመለሱ ሹመት ፍለጋ ደጅ አልጠኑም። በጨርጨር፣ ሂርና ወደሚገኘው እርሻቸው ገብተው ቀሪ ዘመናቸውን በዚያ አሳለፉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆንና ጭሰኝነት ሲቀር በሕይወት ነበሩ። ያረፉት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. ነው። «የሕይወቴ ታሪክ» የተሰኘው መጽሐፋቸው ካለፉ በኋላ ታትሞ ለንባብ በቅቷል።

ዛሬ የመሬት መጠቀሚያ ደብተር በእጁ የያዘ አርሶ አደር ይዞታው ተለክቶ መመዝገቡን፣ ግብሩም አስቀድሞ መታወቁን እንደ ተራ ነገር ሊቆጥረው ይችላል። በተክለሐዋርያት ዘመን ግን ይህ ለብዙው ገበሬ ያልደረሰ፣ በአንድ ግዛት የተሞከረ አዲስ ነገር ነበር።