ዓፄ ዳዊት ሣልሳዊና የመስማት ሥርዓት

ሕዝብ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ዜማ ወይም ንግግር ሲሰማ ከመካከሉ አንዱ ተነሥቶ ቢጮኽ፥ ጩኸቱ የሚጐዳው ባለ ዜማውን ብቻ አይደለም፤ ለመስማት የመጣውን ሁሉ ነው። ነገር ግን የተበደለ ሰው አቤቱታውን የሚያሰማበት በር ሁሉ ከተዘጋበት፥ የሌላውን ድምፅ አቋርጦ ከመጮኽ በቀር ሌላ መንገድ አይታየውም። ይህ ጉዳይ እንዴት ሊታይ እንደሚገባው ለመረዳት በጎንደር የነገሡትን የዓፄ ዳዊት ሣልሳዊን ሕይወት መመርመር ይጠቅማል። እኚህ ንጉሥ ዜማን ወድደው አዳራሽ የሠሩለት፥ የተቃዋሚውን ድምፅ ግን በጦር ዝም ያሰኙ ናቸውና።

ዓፄ ዳዊት የአድያም ሰገድ ኢያሱ ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1699 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ የጎንደር ዙፋን ዕረፍት አላገኘም። ወንድማቸው ተክለ ሃይማኖት በ1700 ዓ.ም. ተገደሉ፤ አጎታቸው ቴዎፍሎስ ተከትለው ነግሠው በ1704 ዓ.ም. አረፉ፤ ከዚያም ዮስጦስ መንበሩን ይዘው እስከ 1708 ዓ.ም. ገዙ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች በወህኒ አምባ ተጠብቀው ይኖሩ ስለ ነበር፥ ንጉሥ በተለወጠ ቍጥር የሕዝቡ ዓይን ወደዚያ አምባ ይመለከት ነበር። ዳዊትም በ1708 ዓ.ም. ነገሡ፤ የመንግሥታቸውም ስም አድባር ሰገድ ተባለ።

መንግሥታቸው ገና ሳይጸና በዚያው ዓመት በጎንደር ታላቅ ነገር ተደረገ። ሊበራቱስ ቫይስ፥ ሚካኤል ፒዮ ፋሶሊና ሳሙኤል ማርዞራቲ የሚባሉ ሦስት የፍራንቸስኮ ማኅበር ካህናት ስለ ሃይማኖታቸው ተከስሰው ተፈረደባቸውና በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። በዚህ ዓይነት ፍርድ ለማየት የመጣው ሕዝብ ተመልካች ሆኖ አይቀርም፤ እጁን አንሥቶ ራሱ የፍርዱ ፈጻሚ ይሆናል። የአደባባይ ጉባኤ ሥርዓቱን ሲያጣ ወዴት እንደሚያደርስ ንጉሡ በዘመናቸው መጀመሪያ ለማየት ችለው ነበር።

ዓፄ ዳዊት ከሌሎቹ የጎንደር ነገሥታት ተለይተው የሚታወቁት በዜማ ወዳድነታቸው ነው። ዓፄ ፋሲል ባቆሙት ግቢ ውስጥ ለዘፋኞች መሰብሰቢያ የሚሆን አዳራሽ አሠሩ፤ የቤተ መንግሥት በዓልና ጨዋታም በዚያ ይደረግ ነበር። የዚህ አዳራሽ ፍርስራሽ ዛሬም በፋሲል ግቢ ይታያል፤ ግቢውም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አባታቸው ታላቅ ቤተ መንግሥት እንደ ሠሩ፥ ልጃቸው ደግሞ ሰው ተቀምጦ የሚሰማበትን ቤት ሠሩ።

በጎንደርና በአካባቢው ደጋ የሰሚ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ሲቀርብ አድማጩ ዝም ብሎ የሚሰማ ብቻ አይደለም፤ ግጥም ይሰጠዋል፥ አዝማሪውም የተቀበለውን በዜማ ያሰማዋል። ምስጋናም ሆነ ወቀሳ በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ በትልቁም በትንሹም ፊት ይነገራል። ስለዚህ ተቃዋሚው ዜማውን ሳያፈርስ በዜማው ውስጥ ገብቶ ይቃወማል። በቤተ ክርስቲያንም ባለቅኔ ቅኔውን ሲያቀርብ ጉባኤው ያዳምጣል፤ ቅኔው ያማረ እንደ ሆነ ይበል ይባላል፤ ጕድለት ያለበት እንደ ሆነ በቅኔ ቤት ከመምህሩ ዘንድ ይታረማል። በዳኛም ፊት በላ ልበልሃ ተባብለው የሚሟገቱ ሁለት ባላጋራዎች በየተራቸው ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይታገሣል፥ ተራው እንደሚደርሰው ያውቃልና። የሦስቱም መሠረት አንድ ነው፤ ዝም የሚል ሰው ዝም የሚለው የመናገሪያው ጊዜ ስለ ተጠበቀለት ነው።

ዓፄ ዳዊት በአዳራሻቸው ያከበሩት ይህ ሥርዓት በሃይማኖት ጉባኤ ጊዜ ጐደለባቸው። በዘመናቸው የኤዎስጣቴዎስ ቤት የቅባትን ትምህርት፥ የደብረ ሊባኖስ ቤት ደግሞ የተዋሕዶን ትምህርት ይዘው ይከራከሩ ነበር። በንግሥናቸው መጨረሻ አካባቢ ጳጳሱ አቡነ ክርስቶዶሎስ ለቅባት ወገን የሚረዳ ቃል ሰጡ፤ ንጉሡም በዚያው ጸኑ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ግን ፍርዱን አንቀበልም ብለው በግልጥ ተቃወሙ። ንጉሡ ቃላቸውን በጉባኤ ሰምተው በመልስ ከመርታት ይልቅ ጭፍራ ሰደዱባቸው፤ ብዙዎችም መነኮሳት ተገደሉ።

በዚህ ነገር ሁለት ጥያቄ ይነሣል። የታወጀን ፍርድ በጩኸት መቃወም ተገቢ ነውን ቢባል፥ የተሰበሰበውን ሕዝብ የመስማት መብት የሚነሣ ሁከት ለባለ ጉዳዩም አይጠቅመውም፤ ሰው ያልሰማውን ነገር ሊፈርድበት አይችልምና። ተቃዋሚን በሰይፍ ዝም ማሰኘት ተገቢ ነውን ቢባል ግን መልሱ በታሪክ ተሰጥቷል። ዓፄ ዳዊት በ1713 ዓ.ም. አረፉ፤ ወንድማቸው ዓፄ በካፋም ነገሡ። ክርክሩ ግን ከመነኮሳቱ ጋር አልተቀበረም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በዓፄ ዮሐንስ ራብዓይ ዘመን፥ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተዋሕዶ እንድትጸና ተወሰነ። ዓፄ ዳዊት በጦር ሊያጠፉት የሞከሩት ትምህርት በመጨረሻው የመንግሥት ውሳኔ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የሁለቱ ጥፋት ሚዛንም እኩል አይደለም። ዜማን ወይም ንግግርን የሚያቋርጥ ሰው የአንዲት ሰዓትን ደስታ ይነሣል፤ እርሱን ከአዳራሹ በትሕትና ማስወጣት፥ ጨዋታውንም መቀጠል ይቻላል። ባለሥልጣን ግን ተቃዋሚውን ከሕይወት ካስወጣው የሚመልሰው ነገር የለም። ስለዚህ የሥርዓቱ ሸክም በሁለቱም ትከሻ ላይ ቢሆንም፥ የሚከብደው በሥልጣን ላይ ባለው ላይ ነው።

አዳራሽ የሚሠራ ሹም ለመናገሪያው ቦታ እንዳዘጋጀ ሁሉ፥ ለመቃወሚያውም ጊዜና ስፍራ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። ጉባኤ የሚመራ ካህንም የጠያቂውን ቃል እስከ ፍጻሜው ሊሰማ፥ ጠያቂውም የመምህሩን ቃል እስኪፈጸም ሊታገሥ ይገባዋል። ይህ ሲጠበቅ ጩኸት ምክንያት ያጣል፤ ቅር የተሰኘውም ሰው የሌላውን ዜማ ማፍረስ አያስፈልገውም። ዓፄ ዳዊት የሠሩት ቤት ፈርሶ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል፤ ሳይሠሩት የቀሩት የተቃዋሚ መናገሪያ ግን ከድንጋይና ከኖራ የሚሠራ አልነበረም፤ ትዕግሥት ብቻ ይበቃው ነበር።